አፖፊስን ከደጃችሁ ለማየት፦ ቦታውንና ሰዓቱን ራሳችሁ የምታወጡበት ዝርዝር መመሪያ

አፖፊስ የሚባለው አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ድንጋይ) አርብ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ማታ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ መሬትን ታኮ ያልፋል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪል 13 ቀን 2029 ነው። ከመሬት ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች እንኳ ከዚያ በላይ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያሉት። ስለዚህ ያለ ቴሌስኮፕ በባዶ ዓይን ይታያል። በደንብ ከሚያዩት የዓለም ክፍሎች አንዷ አፍሪካ ናት።

ችግሩ ሰማዩ ላይ አይደለም። ሌሎች አስትሮይዶችን ለመፈለግ የሚሞክሩ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ የተሳሳተ መመልከቻ ቦታ ያስገባሉ፣ ሰዓቱን ይገለብጣሉ፣ ወይም የስልክ አፕ ያሳያቸውን ያለ ማጣራት ያምናሉ። ለሩቅ አስትሮይድ እነዚህ ስህተቶች ብዙም ላይጎዱ ይችላሉ። ለአፖፊስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሰማይ ያሳዩአችኋል። መመሪያውን አሁኑኑ ተለማመዱት። በዕለቱ ማታ አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር። ስልክም ይሆናል፣ ግን ሰንጠረዡ ሰፊ ስለሆነ ያስቸግራል።
- ወረቀትና እርሳስ። በዕለቱ የስልክ ስክሪን ዓይናችሁን ያበላሸዋል።
- ኮምፓስ። የስልኩም ይበቃል።
- 7×50 ወይም 10×50 ባይኖኩላር። ግዴታ አይደለም፣ ግን ከተማ አቅራቢያ ለሆነ ሰው ትልቅ ልዩነት ያመጣል።
- ትንሽ ባትሪና ቀይ ፌስታል። ባትሪው አፍ ላይ ፌስታሉን እጥፍ አድርጋችሁ እሰሩበት።

ደረጃ 1፦ ምህዋሩን በካልኩሌተር አረጋግጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። አስር ደቂቃ ነው የሚወስደው፣ በኋላ የሚመጡትን ቁጥሮች እንድትረዱ ያደርጋል።

1. የናሳ የምርምር ማዕከል የሆነው ጄፒኤል ያዘጋጀውን የትናንሽ የሰማይ አካላት ዳታቤዝ ክፈቱ። መፈለጊያው ላይ የአፖፊስን ቁጥር 99942 ጻፉ።
2. ከሚወጣው ሰንጠረዥ ሦስት ቁጥር ውሰዱ። የመጀመሪያው የምህዋሩ ግማሽ ርዝመት ነው፣ 0.922 ገደማ። መለኪያው ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት ነው፣ ማለትም 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። ሁለተኛው የምህዋሩ ሞላላነት ነው፣ 0.191። ሦስተኛው ከመሬት ምህዋር አንጻር ያለው ዘንበልታ ነው፣ 3.3 ዲግሪ ገደማ።
3. 0.922ን በ0.809 አባዙ፤ 0.746 ይመጣል። ለፀሐይ በጣም ሲቀርብ ያለው ርቀት ይህ ነው። 0.922ን በ1.191 አባዙ፤ 1.098 ይመጣል። በጣም ሲርቅ ያለው ርቀት ነው። የመሬት ቁጥር 1 መሆኑን አስታውሱ። ምህዋሩ የእኛን ምህዋር የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው።
4. የ0.922ን ካሬ ሥር አውጡና መልሳችሁ በ0.922 አባዙት፤ 0.885 ታገኛላችሁ። ይህን በ365.25 ስታባዙት 323 ቀን ከግማሽ አካባቢ ይሰጣል። አፖፊስ ፀሐይን አንዴ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ቁጥሮች የዛሬውን ምህዋር ይገልጻሉ እንጂ የዚያን ማታ መንገድ አይነግሯችሁም። አፖፊስ በአጠገባችን ሲያልፍ የመሬት ስበት ምህዋሩን ያጥፈዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ዙር ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በርካታ የሰማይ ካርታ አፖች ደግሞ የሚሠሩት እነዚህኑ ቋሚ ቁጥሮች ይዘው ነው፣ የመሬትን ስበት አያስቡትም። ለዚህ ነው አፑ «እዚህ ነው» ሲል አስትሮይዱ ሌላ ቦታ የሚገኘው። አፑን የኮከቦችን ስም ለማወቅ ብቻ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 2፦ የምትቆሙበትን ቦታ በቁጥር ጻፉ

ጨረቃ ሩቅ ስለሆነች ከአዲስ አበባም ከሮምም ስትታይ በኮከቦች መሀል የምትይዘው ቦታ ብዙም አይለያይም። አፖፊስ ግን እንደዚያ አይደለም። ከመሬት መሀል በሚታሰበው ቦታና እናንተ በምታዩት ቦታ መካከል እስከ 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ስትጨብጡ የጡጫችሁ ስፋት 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያን ያህል ትስታላችሁ ማለት ነው። የባይኖኩላር እይታ ደግሞ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ብቻ ነው።

1. ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና የምትቆሙበትን ቦታ ተጭናችሁ ያዙ። ሁለት ቁጥር ይወጣል።
2. መጀመሪያ የሚመጣው ኬክሮስ ነው፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ። ለአዲስ አበባ መሀል ከተማ 9.03 ሰሜን እና 38.74 ምሥራቅ ገደማ ነው።
3. ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ በኪሎ ሜትር ጻፉ። አዲስ አበባ 2.35 አካባቢ ናት። 2350 ብላችሁ እንዳታስገቡ፤ ያኔ ህዋ ላይ ቆማችሁ እንደምታዩ ይቆጥረዋል።

ደረጃ 3፦ ሰንጠረዡን አውጡ

የምትጠቀሙበት መሣሪያ ሆራይዘንስ ይባላል። የጄፒኤል ነው፣ ነፃ ነው፣ መመዝገብ አይጠይቅም። የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን ስበት ሁሉ አስቦ ነው የሚያሰላው።

1. የሆራይዘንስን ገጽ ክፈቱ። አምስት መስመሮች ታያላችሁ፣ እያንዳንዱ አጠገብ ማስተካከያ ቁልፍ አለ።
2. የሰንጠረዥ ዓይነት የሚለው «ኦብዘርቨር ቴብል» መሆኑን አረጋግጡ።
3. የሚፈለገው አካል ላይ አፖፊስ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። የሚመጣው ስም ከፊቱ 99942 እንዳለው ተመልከቱ።
4. የተመልካች ቦታ የሚለውን አስተካክሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሳትነኩት ከተዋችሁት የመሬትን መሀል ይወስዳል። መጋጠሚያ ራሳችሁ የምታስገቡበትን ምርጫ ያዙና ኬንትሮስ፣ ኬክሮስና ከፍታ ሙሉ። ቅደም ተከተሉን እያነበባችሁ አስገቡ። ኬንትሮስና ኬክሮስ ከተገለባበጡ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ትገኛላችሁ።
5. ጊዜ ላይ መነሻውን ኤፕሪል 13 ቀን 2029፣ 15:00፣ መድረሻውን በዚያው ቀን 22:30 አድርጉ። ልዩነቱን 10 ደቂቃ በሉት።
6. የሰንጠረዡ ይዘት ላይ አራት ነገር ብቻ ምረጡ፦ ቁጥር 4 አቅጣጫና ከፍታ፣ ቁጥር 9 ድምቀት፣ ቁጥር 20 ርቀት፣ ቁጥር 29 ያለበት የኮከቦች ስብስብ። ሁሉንም ከመረጣችሁ ገጹ በቁጥር ይጥለቀለቅና ትተዉታላችሁ።
7. ሰንጠረዡን የሚያወጣውን ቁልፍ ተጫኑ። የወጣውን ወዲያው አስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ የወጣውን እንዴት ታነባላችሁ

አቅጣጫው ከ0 እስከ 360 ይቆጠራል። 0 ሰሜን፣ 90 ምሥራቅ፣ 180 ደቡብ፣ 270 ምዕራብ ነው። ከፍታው ከአድማስ በላይ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይነግራል። 90 ከአናታችሁ በላይ ነው። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ካለ አስትሮይዱ ከአድማስ በታች ነው፣ አይታይም።

ከሰዓቱ አጠገብ ትናንሽ ምልክቶች ይኖራሉ። ኮከብ ምልክት ካለ ገና ቀን ነው። ሲ፣ ኤን ወይም ኤ የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ማምሻ ወይም ንጋት መሆኑን ያሳያሉ፤ ሲ ገና ብርሃን አለ፣ ኤ ሊጨልም ነው። ምንም ከሌለ ሙሉ ጨለማ ነው።

ድምቀቱ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ አካሉ ይደምቃል። አፖፊስ እስከ 3.1 ገደማ ይደርሳል። ከጨለማ ቦታ በደንብ የሚታይ መካከለኛ ኮከብ ያህል ነው። ከመሀል ከተማ ግን በባዶ ዓይን ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ማጣሪያ ሥሩ። ቦታውን ወደ መሬት መሀል መልሱና አንድ ሰንጠረዥ እንደገና አውጡ። ርቀቱ በጣም ትንሽ የሚሆነው 21:46 አካባቢ መሆን አለበት፣ ቁጥሩም 0.000254 ገደማ። በ149.6 ሚሊዮን ስታባዙት 38,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ከዚያ ላይ የመሬትን ግማሽ ውፍረት፣ 6,378 ኪሎ ሜትር፣ ቀንሱ። ዜና ላይ የምትሰሙት 32,000 ገደማ የሚለው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው። ካልተጣጣመላችሁ የተሳሳተ አካል ወይም የተሳሳተ ዓመት መርጣችኋል። 2021 እና 2029ን ማምታታት ቀላል ነው፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው የፈረንጅ ነው።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ወደ እኛ ቀይሩ

ሆራይዘንስ የሚሰጣችሁ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። እኛ ከእሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ሰዓት ስንቆጥር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት እንለያለን። ሁለቱን በተለያየ ጊዜ ስትደምሩና ስትቀንሱ ነው ስህተት የሚገባው። በአንድ ጊዜ ጨርሱት፦

ከሰንጠረዡ ሰዓት ላይ 3 ቀንሱ። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ።

18:00 ላይ ሞክሩት። 3 ሲቀነስ 15፣ 12 ሲቀነስ 3። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። 21:46 ደግሞ 18:46 ይሆናል፣ ከዚያ 6:46። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ማለት ነው። የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ። የፈረንጁን ሰዓት አጠገቡ እንዳታስቀምጡ፤ በጨለማ ታምታታላችሁ።

እስራኤልና ሳዑዲ ያላችሁ በዚያ ወቅት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናችሁ። ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ጀርመንና ጣሊያን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ዋሽንግተን ያላችሁ ግን እዘኑ፤ በጣም ሲቀርብ ለእናንተ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ አልጠለቀችም።

ደረጃ 6፦ በጨረቃ ተለማመዱ

እስከ ዕለቱ ድረስ ይህን ደረጃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሥሩ። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ጨረቃን ራሷን ከጎረቤት ጣሪያ ጀርባ ፈልጌ አጥቻታለሁ፤ ሰዓቱን ገልብጬ ነበር።

1. በሆራይዘንስ የሚፈለገውን አካል ጨረቃ አድርጉ። ቀኑ የዛሬ፣ ቦታው ደጃችሁ።
2. ለዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ምረጡና አቅጣጫውንና ከፍታውን ጻፉ።
3. በዚያ ሰዓት ውጡ። ኮምፓሱን ከመኪናና ከብረት በር አርቁት። አቅጣጫውን ያዙ።
4. ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከአድማስ ጀምሮ ጡጫ በጡጫ ላይ ቁጠሩ። 40 ዲግሪ አራት ጡጫ ነው።
5. ጨረቃ እዚያው ካለች ዘዴው ገብቷችኋል። ጨረቃ በምትሄድበት መንገድ ላይ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ 15 ዲግሪ ገደማ ከሳታችሁ ሰዓታችሁ በአንድ ሰዓት ተዛብቷል። ወደ ተቃራኒው የሰማይ ጥግ ከሆነ ቀንና ሌሊቱን ገልብጣችኋል።

ጨረቃን ከቻላችሁ ቬስታ የምትባለውን አስትሮይድ በባይኖኩላር ሞክሩ። በስሟ ፈልጓት። ቁጥሯን 4 ብቻ ብትጽፉ ሆራይዘንስ ማርስን ሊያመጣላችሁ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ቦታ ምረጡ፣ መጠባበቂያም ያዙ

አፖፊስ በጣም በሚቀርብበት ደቂቃ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነው የሚሆነው። ከኢትዮጵያ ሲታይ ያኔ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ በኩል በጣም ዝቅ ብሏል። ስለዚህ 6:46ን ብቻ የምትጠብቁ ከሆነ ተራራ ወይም ዛፍ ይጋርደዋል። ዋናው ጊዜ ከዚያ በፊት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል እየደመቀ ይመጣል፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት አካባቢ ሰማዩ ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ከዚያ በፍጥነት ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ትክክለኛውን ደቂቃ ከራሳችሁ ሰንጠረዥ ውሰዱ።

- ደቡቡም ምዕራቡም ክፍት የሆነ ቦታ ፈልጉ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያሉ ሰዎች የወጨጫን ተራራ አስቡ። እንጦጦ ላይ ደግሞ ባሕር ዛፉ ብዙ ነው፣ ገላጣ ስፍራ ቀድማችሁ ካላያችሁ በስተቀር አትሂዱ።
- ቦታውን በቀን ሄዳችሁ እዩት። የመንገድ መብራትና የሆቴል ፓውዛ የት እንዳለ ልብ በሉ።
- ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ወር ነው። ትልቁ ጠላታችሁ ደመና ነው። እርስ በርስ ራቅ ያሉ ሁለት ቦታዎች ምረጡ፣ ለሁለቱም ሰንጠረዥ አውጡ። አርብ ከሰዓት የሳተላይት ደመና ምስል አይታችሁ ወስኑ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቦታ ለመቀየር መንዳት አደገኛም ነው፣ አይደርስላችሁም።

ጨረቃን አትፍሯት። በዚያ ሌሊት ሰማይ ላይ የለችም።

ደረጃ 8፦ በዕለቱ ማታ

1. ሰንጠረዡን ከሳምንታት በፊት ያወጣችሁት ከሆነ በሳምንቱ መጀመሪያ እንደገና አውጡት። የፋሲካ ሳምንት ስለሆነ ኢንተርኔት ቤት ይዘጋ ይሆናል፤ ቀድማችሁ አትሙት።
2. ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታችሁ ድረሱ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ስልክ ከከፈታችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ቀዩን ባትሪ ብቻ ተጠቀሙ።
3. አቅጣጫችሁን በኮከብ አረጋግጡ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ የደቡብ መስቀል ትክክለኛው ደቡብ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኮምፓሳችሁ ከዚያ ከተለየ ኮምፓሱን ተዉት።
4. አስትሮይዱ ወዳለበት ሳይሆን ከአስር ደቂቃ በኋላ ወደሚደርስበት ቦታ ተመልከቱ። እዚያ ያሉትን ኮከቦች ልመዱ። አዲስ እንግዳ ሲገባ ታውቁታላችሁ።
5. የጠረጠራችሁትን ነጥብ አጠገቡ ካለ ኮከብ ጋር አነጻጽሩና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። አፖፊስ በጣም ሲፈጥን በአንድ ደቂቃ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት በላይ ይሄዳል። አውሮፕላን ብልጭ ድርግም ይላል። ሳተላይት በደቂቃዎች ውስጥ ሰማዩን አቋርጦ ይጠፋል። አፖፊስ ከሁለቱም ይዘገያል፣ አይብለጨለጭም።

ደረጃ 9፦ ፎቶ ለምትፈልጉ

ስልኩን ትራይፖድ ላይ እሰሩ። በእጅ ማስተካከያ ሁነታ ላይ አድርጋችሁ የመዝጊያውን ጊዜ ወደ 30 ሰከንድ አምጡት፣ ማተኮሪያውን ወደ ሩቅ። በተከታታይ አንሱ። ኮከቦቹ አጭር ጭረት ይሆናሉ፣ አፖፊስ በጣም ሲፈጥን ግን ከእነሱ ሦስት እጥፍ ገደማ የሚረዝም ጭረት ይተዋል። ዓይናችሁ ቢያጣው እንኳ ፎቶው ላይ የምትለዩት በዚህ ነው። ስልኩን አዘጋጅታችሁ ለሌላ ሰው ተዉት፤ እናንተ ሰማዩን እዩ።

ነገር ሲበላሽ

*ሰንጠረዡ ባለበት ቦታ ምንም የለም።* መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ የተመልካች ቦታውን አጣሩ። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ብርሃን አለባችሁ ማለት ነው። በባይኖኩላር ከሰንጠረዡ ቦታ ጀምራችሁ በቀስታ ግራና ቀኝ ሁለት እይታ ያህል ሂዱ።

*ደመና መጣ።* አትነሱ። ሰዓቱ ረጅም ነው፣ ክፍተት ይኖራል። በየአስር ደቂቃው ያለበትን ቦታ ከወረቀቱ እየተከተላችሁ ቆዩ፤ ክፍተቱ ሲመጣ መፈለግ አያስፈልጋችሁም።

*ወረቀቱ ጠፋ።* ከፊት ለፊታችሁ ያለውን የደቡብ ሰማይ በባይኖኩላር ጥረጉና የሚንቀሳቀስ ነጥብ ፈልጉ። ከባድ ነው፣ ግን ከ5 ሰዓት በኋላ ፍጥነቱ ይረዳችኋል።

*አጠገባችሁ ያለ ሰው «ሊወድቅብን ነው» ብሎ ፈራ።* በ2021 እ.ኤ.አ. በራዳር የተደረገው ልኬት ቢያንስ ለ100 ዓመት የመጋጨት ዕድል እንደሌለው አረጋግጧል። ይህን ንገሩትና ባይኖኩላሩን ስጡት።

*ሌሊቱ አለፈ፣ አላየሁትም።* ቅዳሜ ማታ እሞክራለሁ አትበሉ። አፖፊስ ካለፈን በኋላ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ይሄዳል፣ በማግስቱ ማታ ሰማያችን ላይ በባዶ ዓይን አይገኝም። ለዚህ ነው መጠባበቂያ ቦታውን አሁን የምትመርጡት።